«ኬ» ብለሽኝ ለጠፋሽው

ይድረስ ለምወድሽ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከረምሽ? እኔ ካንቺ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እማማስ እንዴት ናቸው? ያ የጉልበታቸው ነገር ተሻላቸው?

ሰሞኑን ስልኬን ወደ ኋላ ሳገላብጥ የመጨረሻ መልእክትሽን አገኘሁት። «ኬ» ይላል። አንዲት ፊደል ብቻ! ከዚያ ወዲህ ሁለታችንም ጭጭ። እዚህ አሜሪካ ያደገ ሰው ቢያየው «ምን አድርገሻት ነው የተቀየመችሽ?» ይለኝ ነበር። በጽሑፍ ሲሆን «ኦኬ» ሰላም ነው፤ «ኬ» ብቻዋን ከመጣች ግን ብዙ ጊዜ ኩርፊያ አለ። አንቺ መቼም ታክሲ ውስጥ ተጨናንቀሽ ይሆናል የጻፍሽው። ለማንኛውም የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነሽና ስለዚህች ቃል የታዘብኩትን ላጫውትሽ።

ሥራዬ እንደምታውቂው ሆስፒታል ውስጥ አስተርጓሚነት ነው። ቀኑን ሙሉ «ኦኬ» ስሰማ እውላለሁ። ሐኪሙ ሁለት ነገር ይናገርና መጨረሻው ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ኦኬ?» ይላል። እየተከተሉኝ ነው ወይ ማለቱ ነው። አንዳንዱማ ልማድ ሆኖበት እንጂ መልስም አይጠብቅ።

አንዲት እናት ስለ ቀዶ ጥገና እየተነገራቸው ነበር። እኔ ተርጉሜ ሳልጨርስ እሳቸው አንገታቸውን እየነቀነቁ «ኦኬ፣ ኦኬ» ይላሉ። ሐኪሟ ደስ ብሏት ወረቀቱን አቀረበችና «እዚህ ጋ ይፈርሙ» አለች። እሳቸው እስክሪብቶውን ገፋ አደረጉት። «እንዴ! ልጆቼ ሳይሰሙ ምን ብዬ ነው የምፈርመው?» ሐኪሟ ግራ ገባት። በሷ ቤት ሴትዮዋ ደጋግመው ተስማምተዋል። እሳቸው ግን ሰው ሲያወራ «እሺ... እሺ» እንደምንለው በጨዋ ደንብ እየሰሙ ነበር። «ቀጥዪ ልጄ፣ እየሰማሁሽ ነው» ነው ያሉት። በእንግሊዝኛም እኮ «ኦኬ» እንዲሁ መስማትን ብቻ ሊያሳይ ይችላል፤ ግን ወረቀትና ፊርማ ባለበት ቦታ ሁሉም የሚሰማው «ተስማማሁ» የሚለውን ነው።

ጎበዝ ሐኪሞች ለዚህ መላ አላቸው። «ገባዎት?» አይሉም። «ቤት ሲገቡ ለልጅዎ እንዴት አድርገው ነው የሚነግሯት?» ይላሉ። ያኔ የገባውና ያልገባው ይለያል። ክፍል ውስጥ ብትሞክሪው አይከፋም።

ደግሞ «አይም ኦኬ» የሚሉት አለ። አክስቴ ሊጠይቁኝ መጥተው ሳለ አንዲት አሜሪካዊት ባልደረባዬ ቤት መጣች። ቡና አቀረብን። ልጅቷ ፈገግ ብላ «አይም ኦኬ» አለች። ይቅርብኝ ማለቷ ነው። አክስቴ ቃሏን ያውቋታል። «ደህና ከሆነችማ ምን ከለከላት? ቅጂላት!» አሉኝ። ቀዳሁላት፤ ጠጣችው።

ስለ ምግብ ሲሆን ደግሞ ሌላ ነው። ዶሮ ወጥ ስትሠሪ ውለሽ እንግዳሽ «ኦኬ ነው» ካለሽ አልጣመውም። የኛው «ምንም አይልም» ማለት ነው። ፊት ስታዪ ይገባሻል።

ከየት መጣች ብለው ተማሪዎችሽ ከጠየቁሽ ታሪኳ ያስቃል። እ.ኤ.አ. ማርች 23 ቀን 1839 ቦስተን ውስጥ በሚታተም «ቦስተን ሞርኒንግ ፖስት» በሚባል ጋዜጣ ላይ ወጣች። የዚያን ዘመን ጋዜጠኞች አነጋገሮችን ሆን ብለው አበላሽተው እየጻፉ በምኅጻረ ቃል መቀለድ ፋሽናቸው ነበር። «ኦል ኮሬክት»፣ ማለትም ሁሉም ልክ ነው የሚለው፣ በትክክል ሲጻፍ በኤ እና በሲ ይጀምራል። እነሱ እንደ ማይም በኦ እና በኬ ጻፉት። ስህተቱ ራሱ «ልክ ነው» ማለቱ ነው ቀልዱ።

እንደሷ ያሉት ሌሎች ቀልዶች ወዲያው ተረሱ። እሷን ያዳናት የ1840ው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ምርጫ ነው። ፕሬዚዳንት ማርቲን ቫን ቢዩረን ኪንደርሁክ የምትባል የኒው ዮርክ መንደር ልጅ ነበርና «ኦልድ ኪንደርሁክ»፣ ሽማግሌው ኪንደርሁክ፣ እያሉ ይጠሩት ነበር፤ እሱም በኦ እና በኬ ይጀምራል። ደጋፊዎቹ የ«ኦኬ» ማኅበር አቋቋሙ። ሰውየው ተሸነፈ፤ ቃሏ ግን ቀረች። ኋላም ቴሌግራፍ ሠራተኞች አጭር ናት ብለው ያዟት። ፕሬዚዳንት ዊልሰንማ ቾክታው ከሚባሉት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ቋንቋ የመጣች መስሏቸው አጻጻፏን ቀይረው «ኦኬህ» እያሉ ይጽፏት ነበር። እውነቱን አሮጌ ጋዜጣ ሲያገላብጥ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያወጣው አለን ዎከር ሪድ የሚባል የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ነው። እንደዚህ ዓይነት ሰው ደስ ይለኛል፤ ለሁለት ፊደል ያን ያህል መልፋት!

በይ እንግዲህ፣ ወሬሽን ላኪልኝ። ትምህርት ቤቱ እንዴት ነው? አሁንም ስልሳና ሰባ ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ ነው? መጻፍ ከሰለቸሽ በቴሌግራም በድምፅ አውሪልኝ። ለገና ልመጣ አስቤያለሁ። ትኬት እንደቆረጥኩ እደውልልሻለሁ። ለእማማ የጉልበት ቅባት ገዝቼ አስቀምጫለሁ፤ ንገሪያቸው።

ወዳጅሽ