በአንድ ጣት የሚጠቆም የቅልጥም ሕመም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በፊዚዮቴራፒ ሙያ የምሠራ አንባቢያችሁ ነኝ። ኅዳር ላይ ለሚካሄደው የ10 ኪሎ ሜትር ታላቁ ሩጫ ብዙ ሰው ልምምድ የሚጀምረው መስቀል ካለፈ በኋላ ስለሆነ፣ በጥቅምት ወር ቅልጥማቸውን እያሻሹ የሚመጡ ወጣቶች ይበዙብኛል። አብዛኞቹ «ለጀማሪ ያለ ነው፤ ሲለመድ ይተዋል» እየተባሉ ሕመሙን ችለው ሲሮጡ የከረሙ ናቸው።

ይህ አባባል ሁልጊዜ ስሕተት ነው ማለቴ አይደለም። ከቁርጭምጭሚት ከፍ ብሎ፣ በቅልጥም አጥንት ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ረዘም ብሎ የሚሰማ፣ በመዳፍ እንጂ በጣት የማይጠቆም ሕመም፣ ርቀትን ቀንሰው ከአስፋልት ወደ አፈር ሲወርዱ ብዙውን ጊዜ ይሻላል። በአንድ ጣት የሚጠቆመው ግን ሌላ ነው፤ የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ይችላል።

ባለፈው ዓመት አንድ ወጣት የባንክ ሠራተኛ የት እንደሚያመው ስጠይቀው፣ ሱሪውን ሰብስቦ የአመልካች ጣቱን ጫፍ ቅልጥሙ ላይ፣ ከሳንቲም በማትበልጥ ቦታ አሳረፈ። በዚያው እግሩ ብቻ አንድ ጊዜ እንዲዘል ብጠይቀው ከንፈሩን ነክሶ ወንበሩን ያዘ። ሌሊትም ያመው ነበር። ቀደም ብሎ የተነሣው ራጅ ምንም አያሳይም ስለተባለ፣ ወጌሻ ዘንድ ሦስት ጊዜ በቅቤ ታሽቶ በየመሀሉ ሮጧል። ራጁ ከሳምንታት በኋላ ሲደገም ስንጥቁ ታየ።

አጥንት ጫና ሲበዛበት ያረጀውን ክፍሉን አስቀድሞ ያፈርሳል፤ አዲሱን የሚተካው ግን ከሳምንታት በኋላ ነው። ልብና ሳንባ ቶሎ ስለሚለምዱ፣ ሯጩ ጉልበት አገኘሁ ብሎ ርቀት በሚጨምርበት ሰዓት አጥንቱ ገና አልጠነከረም። ስንጥቁም በራጅ የሚታየው ብዙ ጊዜ መጠገን ሲጀምር፣ ማለትም ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ራጅ ንጹሕ መሆን ለመሮጥ ፈቃድ አይሆንም። ኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሣ ምስል) ቀድሞ ያሳያል፤ ዋጋው ለብዙዎች ከባድ ስለሆነ ግን እግርን አሳርፎ ራጁን መድገም ይቻላል። ወጌሾቻችን ያላቸውን ልምድ አልንቅም፤ የተሰነጠቀ አጥንት ግን በመታሸት አይድንም።

የተረከዝ ጅማት ደግሞ ጠባዩ ሌላ ነው። ጠዋት ከአልጋ ሲወርዱ ደርቆ ያስነክሳል፣ ሲሞቅ ይለቅና ያታልላል። እረፍት ብቻውን አያድነውም፤ ደረጃ ጫፍ ላይ በእግር ጣቶች ቆሞ ተረከዝን ቀስ እያሉ ወደ ታች ማውረድን የመሰለ እንቅስቃሴ ለ12 ሳምንት ያህል ሳያቋርጡ መሥራትን ይጠይቃል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በመስከረም 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ኦሎምፒክ የ10 ሺህ ሜትር ሩጫ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሴኮንድ ሲቀድም ይኸው ጅማት ያመው ነበር። ድሉን ለልጆቻችን ሁሉ እንተርካለን፤ ከዚያ በኋላ ጅማቱ በቀዶ ሕክምና መታከሙን ግን አንነግራቸውም።

ሲሮጥ ባቱ የሚወጣጠርና እግሩ የሚደነዝዝ፣ ሲቆም በደቂቃዎች ውስጥ የሚለቀው ሰውም ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ስለዚህ የዘንድሮውን የልምምድ ምክር ስታወጡ ይህን እንድትጨምሩበት እለምናለሁ፦ ሕመሙን በአንድ ጣት የሚጠቁም፣ ሌሊት የሚያመው ወይም በታመመው እግሩ መዝለል የሚያቅተው ሰው፣ እንደ ዲክሎፌናክ ያለ የሕመም ማስታገሻ ውጦ ከመሮጥ ይልቅ በዚያው ቀን ሩጫውን አቁሞ ይመርመር።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ