የእናቴ ምጣድና የ22,000 ብሩ ውል

ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ለዕቃ ማጓጓዣ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ጉዳዩ፦ ቅዳሜ ጥቅምት 8 ቀን 2018 ዓ.ም. ከሽሮ ሜዳ ወደ ጀሞ ኮንዶሚኒየም የቤት ዕቃችንን ስታጓጉዙ ስለደረሰብን ጉዳት፣ ከውል ውጪ ስለተጠየቅነው ገንዘብና በእናቴ ላይ ስለተፈጸመው ነውር

ከላይ በተጠቀሰው ቀን የእናቴንና የእኔን የቤት ዕቃ ከሽሮ ሜዳ አንሥታችሁ ጀሞ በሚገኘው ቤታችን ለማስገባት በ22,000 ብር ተዋውለን ነበር። ውሉን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። የደረሰብንን በስልክ ሁለት ጊዜ አስረድቻለሁ። መጀመሪያ «መልሰን እንደውላለን» ተባልኩ፤ የደወለ ግን የለም። በሁለተኛው ቀን ስልኩን ያነሣችው ሠራተኛ «ሸክላ ከኃላፊነታችን ውጪ ነው» ብላ ዘጋችው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ በጽሑፍ ላቀርብላችሁ ተገድጃለሁ።

እኔና እናቴ ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ ቤት ቀይረናል፤ ሦስቱንም ጊዜ ዕቃችንን ያጓጓዝነው በራሳችን ነው። በ2001 ዓ.ም. ከቀበና ወደ ሽሮ ሜዳ ስንገባ አንድ አይሱዙ ተከራየን፤ አጎቴና አምስት ጎረቤቶቻችን ተጋግዘው ጫኑት። ብርጭቆውን በጋዜጣ፣ ቡፌውን በፍራሽ ሸፈንነው። እናቴ ጋቢና ውስጥ ተቀምጣ የዚያን ጊዜውን ምጣዷን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ከቀበና እስከ ሽሮ ሜዳ በጉልበቷ ላይ ይዛው ሄደች። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ዕቃው ሁሉ ገብቶ አለቀ፤ ከሰዓት በኋላ አዲሱ ቤት ውስጥ ቡና ተፈላ። በዚያ ቀን የተሰበረው አንድ ስኒ ነው። ከኪሳችን የወጣውም የመኪናው ኪራይና የምሳው ወጪ ብቻ ነበር።

ዘንድሮ እንደዚያ ማድረግ አልቻልንም። እናቴ 74 ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷ ደረጃ አያስወጣትም። እኔም ወገቤን ታምሜ ከባድ ዕቃ እንዳላነሣ ሐኪም ከልክሎኛል። አጎቴ አርፏል፤ ከነዚያ ጎረቤቶች የሚበዙት አሁን ሰፈሩ ውስጥ የሉም። ልጆቻቸው ቢኖሩም ሳምንቱን ሙሉ ሠርቶ የደከመን ሰው በቅዳሜው ና ተሸከምልኝ ማለት ይሉኝታ ይይዛል። እናቴ ይህን ያህል ገንዘብ ለማያውቁን ሰዎች መክፈሉ አልዋጥ ብሏት ነበር። «ዕቃዬን የማያውቅ ሰው እንዴት አድርጎ ይይዘዋል?» ስትለኝ፣ ሙያቸው ነው፣ የሠለጠኑ ሰዎች ናቸው፣ ቢሰበርም ይከፍላሉ ብዬ ያሳመንኳት እኔ ነኝ። ይህን የምጽፈው ነገሩ ለምን እንዲህ እንደከበደኝ እንድታውቁት ነው።

መስከረም 29 ቀን ወኪላችሁ ቤታችን መጥቶ ዕቃውን ክፍል በክፍል አይቷል። የምንገባበት የጀሞው ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ መሆኑን፣ ሕንፃው አሳንሰር እንደሌለው ነግሬው በውሉ ላይ በራሱ እጅ «ጂ ፕላስ ፎር፣ 4ኛ ፎቅ፣ በደረጃ» ብሎ ጽፏል። ስድስት የሠለጠኑ ሠራተኞች፣ ካርቶን፣ ብርድ ልብስ፣ ማሰሪያ ቀበቶ፣ አልጋና ቡፌ የሚፈታና የሚገጥም አናጢ እንደምትልኩ ውሉ ይናገራል። ተራ ቁጥር 7 ላይ ደግሞ በሠራተኞቻችሁ አያያዝ ለሚሰበር ለማንኛውም ዕቃ እንደምትከፍሉ ተጽፏል። ሸክላን ለይቶ የሚያስቀር ቃል በውሉ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁም።

መኪናው ሊመጣ የነበረው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። የመጣው 4 ሰዓት ተኩል ላይ ሲሆን፣ ከተቆጣጣሪው ጋር አራት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ካርቶን አልነበረም። ብርድ ልብስ አልነበረም። አናጢውም አልመጣም፤ አልጋውን የፈታው ከአራቱ አንዱ ነው። ብሎኖቹ የት እንደገቡ እስከ ዛሬ አላወቅንም፤ የመጀመሪያዋን ሌሊት ያደርነው ወለል ላይ ፍራሽ አንጥፈን ነው።

ከአራቱ ሸካሚዎች አንዱን ከእናንተ ጋር ስንት ጊዜ እንደሠራ ጠየቅኩት። የዚያን ዕለት ጠዋት መርካቶ አውቶቡስ ተራ ቆሞ ሥራ ሲጠብቅ በ600 ብር የቀን ሒሳብ እንደተያዘና ድርጅታችሁን ሰምቶት እንደማያውቅ ነገረኝ። ሃያ ዓመት የሚሞላው አይመስለኝም። ጓንት አልተሰጠውም። ማሰሪያ ስለሌለ ቡፌውን በሻሽ ትከሻው ላይ አስሮ፣ በነጠላ ጫማ ነበር የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ የወጣው። ሦስተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ሲደርስ የግራ እግሩ ነጠላ ጫማ ማሰሪያው ተበጠሰ። እግሩ ሲንሸራተት ቡፌው ከግድግዳው ጋር ተጋጨና የላይኛው መስታወት ረገፈ። ልጁ ከቡፌው ጋር ቁልቁል ሊወድቅ ለትንሽ ነው የተረፈው። መዳፉ ደምቶ እያለ እኔን ይቅርታ ሲጠይቅ ተቆጣጣሪው ከታች ይጮህበት ነበር። የዚህን ልጅ ስም በዚህ ደብዳቤ ውስጥ አልጠቅስም፤ ከክፍያውም አንድ ብር እንዳትቆርጡበት አጥብቄ እጠይቃለሁ። ጥፋቱ ያለ ማሰሪያና ያለ ጫማ አራተኛ ፎቅ ያስወጣው ሰው ነው።

አሁን ወደ ምጣዱ ልምጣ። እናቴ ይህን ምጣድ 11 ዓመት ጋግራበታለች። ስፋቱ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ የሸክላ ምጣድ ነው፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራ። ምጣድ ምን እንደሆነ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ እንደሌለ አውቃለሁ፤ ነገር ግን በስልክ «ሸክላ ነው፣ በርካሽ ይገዛል» ስለተባልኩ መናገር ግድ ሆነብኝ። አዲስ ምጣድ ከገበያ መጥቶ በማግስቱ አይጋገርበትም። ይሟሻል። በጎመን ዘር ደጋግሞ ይታሻል፣ ይግላል፣ ይበርዳል፣ እንደገና ይታሻል። ከዚያም በኋላ የመጀመሪያዎቹ እንጀራዎች እየተጣበቁ፣ እየተቀደዱ፣ ዐይን እያጡ ነው የሚወጡት። ምጣዱ እጅ እስኪለምድ ጊዜ ይፈልጋል። የእናቴ ምጣድ ከዚህ ሁሉ ካለፈ ዓመታት ሆነውት ነበር፤ ማሰሻው ገና ሲነካው ያብረቀርቃል፣ እንጀራው በራሱ ጊዜ ጠርዙን አንሥቶ «አውጡኝ» የሚል ይመስላል።

ያን ቀን ጠዋት እናቴ ምጣዱን እንደ ልማዷ በብርድ ልብስ ጠቅልላ «እኔ ጋቢና ውስጥ እይዘዋለሁ» ብላ ነበር። ተቆጣጣሪያችሁ ጋቢና ውስጥ ሰው መጫን በድርጅቱ ደንብ አይፈቀድም ብሎ ተቀበላት፤ «እኛ እናውቃለን» አለ። ደንብ ነው ካላችሁ አልከራከርም። እኛም በታክሲ ከኋላ ተከተልን። ጀሞ ደርሰን የመኪናው መዝጊያ ሲከፈት ምጣዱ የመኪናው ወለል ላይ ተዘርግቶ 50 ኪሎ ጤፍ የያዘ ማዳበሪያ ተጭኖበት አገኘነው። ብርድ ልብሱ ተፈቶ ማቀዝቀዣው ሥር ተነጥፏል። እናቴ ምጣዱን በእጇ ስትዳስሰው ከሦስት ቦታ ተለያየ። ስብርባሪውን ሰብስባ መልሳ ጠቀለለችው፤ እስካሁንም አልጣለችውም።

ማቀዝቀዣው የሌላ ጥፋት ታሪክ አለው። ቆሞ መሄድ የሚገባውን በጎኑ አጋድማችሁ ከሽሮ ሜዳ በስድስት ኪሎ፣ በአራት ኪሎ፣ በሜክሲኮና በሳር ቤት አድርጋችሁ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር አቋረጣችሁት። አንዳንድ ጊዜ ማጋደም ግድ እንደሚሆን ይገባኛል። ግን እንዲህ የሄደ ማቀዝቀዣ ዘይቱ ወደ ኮምፕረሰሩ እስኪመለስ ድረስ ለሰዓታት ቆሞ ሳይሰካ መቆየት አለበት። ይህን እኔ ከጥገና ባለሙያ የሰማሁት ከተበላሸ በኋላ ነው፤ እናንተ ግን ሙያችሁ ስለሆነ ቀድማችሁ ማወቅ ነበረባችሁ። ተቆጣጣሪው «ደህና መድረሱን እዩልኝ» ብሎ ወዲያው ሰካው። ጥቂት ደቂቃ አንኳኳና ዝም አለ። ኮምፕረሰሩ ተቃጥሏል፤ ለመቀየር 11,800 ብር ከፍያለሁ፤ ደረሰኙ ተያይዟል።

ጀሞ እንደደረስን የሰፈሩ ጫኝና አውራጆች መኪናውን ከበቡት። ኮንዶሚኒየም የገባ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ ባለቤቱ የራሱን ዕቃ በራሱ ሰው ለማውረድ እንኳ ክፈል ይባላል። ወኪላችሁ «ይህ ለእናንተ ሐሳብ አይሁን፣ እኛ እንጨርሰዋለን» ያለኝ በእናቴ ፊት ነው። እውነቱን ለመናገር ከሌሎች ድርጅቶች እናንተን የመረጥኩበት ዋናው ምክንያትም ይህ ነበር። ልጆቹ 8,000 ብር ጠየቁ። ተቆጣጣሪው ጋቢናው ውስጥ ተቀምጦ ስልኩን ሲነካካ እኔ በታመመ ወገቤ ከ40 ደቂቃ በላይ ቆሜ ተደራድሬ 4,500 ብር ከፈልኩ። ያ ሲያልቅ ደግሞ ተቆጣጣሪው ራሱ ወረደና «አራተኛ ፎቅ ስለሆነ 6,000 ብር ይጨመራል፤ ካልተከፈለ አናወርድም» አለ። ፎቁ በውሉ ላይ በወኪላችሁ እጅ ተጽፎ ሳለ! ደመና እየጠቆረ ነበር፤ እናቴም ውጪ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ከፈልኩ። የተጨማሪ እሴት ታክስ ደረሰኝ ስጠይቅ ለዋናው ክፍያ ብቻ ተሰጠኝ፤ ለ6,000 ብሩ ግን ምንም ወረቀት አልተሰጠኝም።

ሁሉም ዕቃ ይተካል። የማይተካውን ግን ልንገራችሁ። እናቴ የምጣዱን ስብርባሪ አቅፋ አንደኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ትንፋሽ ስትወስድ፣ ሃያ አምስት ዓመት የማይሞላው ተቆጣጣሪያችሁ «አንቺ ሴትዮ፣ መንገድ አትዝጊ! ዞር በይ!» ብሎ ጮኸባት። እናቴ መልስ አልሰጠችውም። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ግድግዳውን ተደግፋ አሳለፈችው። ማታ ላይ እራት ሳትበላ ተቀምጣ «በዚህ ዕድሜዬ አንቺ ተባልኩ» ያለችው ነው እስከ ዛሬ እንቅልፍ የነሣኝ። ጎረቤቶቻችን ዕቃ ሲሸከሙልን «እማማ፣ እርስዎ አይልፉ፣ እኛ አለን» እያሉ ነበር። ገንዘብ ተቀብሎ የሚሠራ ሰው ይህችን ማለት ምን ያስከፍለዋል?

በሕግም ቢሆን የተጓደለው ግልጽ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1731 በሕግ አግባብ የተደረገ ውል ለተዋዋዮቹ ሕግ ነው ይላል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ ሸማች በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ፣ ከስድብና ከማስፈራራት የመጠበቅ፣ ለደረሰበት ጉዳትም የመካስ መብት ሰጥቶታል።

ስለዚህ ያላግባብ የተቀበላችሁንን የፎቅ 6,000 ብር፣ እናንተ መጨረስ ሲገባችሁ ለጫኝና አውራጆች የከፈልኩትን 4,500 ብር፣ የማቀዝቀዣውን ጥገና 11,800 ብር፣ የቡፌውን መስታወት 3,200 ብርና የምጣዱን ዋጋ 1,800 ብር፣ በድምሩ 27,300 ብር እንድትመልሱልን እጠይቃለሁ። ስድስት ብላችሁ አራት ሰው የላካችሁበትን የሁለቱን ሠራተኞች ሒሳብ ራሳችሁ አስሉና ጨምሩበት። ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ መልስ ካላገኘሁ ሰነዶቹን ይዤ ለከተማው ንግድ ቢሮ አመለክታለሁ።

ይቅርታውን ግን በስልክም በደብዳቤም አልቀበልም፤ የተበደለችው እናቴ ናትና። ከእሑድ በቀር ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ሁልጊዜ ቤት ናት። አድራሻው በውሉ ላይ አለ። ያን ቀን የነበረው ተቆጣጣሪ አብሮ ይምጣ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ
ፊርማ

አባሪ፦ የውሉ ቅጂ፣ የዋናው ክፍያ ደረሰኝ፣ የማቀዝቀዣ ጥገና ደረሰኝ፣ የመስታወት ዋጋ ማቅረቢያ፣ የተሰበሩት ዕቃዎች 9 ፎቶግራፎች