ና ባልኩህ ቁጥር

ጅማ፣ ኅዳር

ይድረስ ለማሙሽዬ፣

እንደምን ከረምክ? እኛ ደህና ነን። አባትህ ጉልበቱን ብርድ ይዞት ሲያጉረመርም ነው የሚውለው። አያትህ አኮም ደህና ናቸው፤ ዛሬ ጠዋት ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለው ቡና ሲለቅሙ ነበር። ግን ወረቀት ያነሳሁት ሰላምታ ላበዛብህ አይደለም። ባለፈው ከኬንያ በስልክ የተናገርከኝ ነገር ሆዴ ውስጥ ቀርቶ ነው። "እማዬ፣ ስልክ በዘጋሽ ቁጥር ና ና አትበይኝ" አልከኝ። እሺ ብዬ ዘጋሁት። ከዚያ ስገላበጥ አደርኩ።

መጀመሪያ የገናን ጉዳይ እንጨርስ። ነገር የተበላሸው ከዚያ ነው።

"መቼ ነው የምትመጣው?" ብዬ ጻፍኩልህ። "ገና ነው" ብለህ መለስክ። በቃ፣ ሁለት ቃል። እኔ አጥብቄ አነበብኩት። ገና! ታኅሣሥ 29! እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ለአኮህ ነገርኳቸው፤ እሳቸው ለሰፈሩ ነገሩ። ቅቤ ገዛሁ። ቅቤ ስንት እንደገባ ባታውቅ ይሻልሃል። ሐሙስ ሂርማታ ገበያ ወርጄ ዶሮም ያዝኩ፤ በዓሉ ሲቀርብ ዋጋው አይቀመስም ብዬ። በሳምንቱ ስትደውል "እንግዲህ አንድ ወር ከምናምን ቀረህ" ብልህ ሳቅህ። "እማ፣ ገና ነው ማለቴ ገና አልወሰንኩም ማለቴ እኮ ነው!"

ለካ አላልተህ ነው የጻፍከው። ፊደላችን ደግሞ የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም። በአፍ ሲሆን ማንም አይሳሳትም፤ በጽሑፍ ሲሆን ግን ሰው የሚመኘውን ያነብባል። ዶሮው አሁንም ግቢ ውስጥ ይዞራል። አባትህ "ገና" ብሎ ስም አውጥቶለታል። ጠብቆ ይሁን ላልቶ ግን አልነግርህም።

ያን ቀን ተናድጄ ከ"ገና" ላይ "ገ"ን ቆርጬ "ና" ብቻ ልኬልህ ነበር። ጠቡ የመጣው ከዚያ ነው። ግን ይህቺ አንድ ፊደል ከእኔ ጋር ያላትን ታሪክ አንተ ሙሉውን አልሰማህም።

አባትህ ከደብረ ማርቆስ አግብቶ ሲያመጣኝ ኦሮምኛ አንድ ቃል አላውቅም ነበር። በመጣሁ በሦስተኛው ቀን አኮህ ጓሮ ሆነው "ና ጋርጋሪ!" ብለው ተጣሩ። እኔ የያዝኩት "ና"ን ብቻ ነው። ወንድ ልጅ እየጠሩ ነው አልኩ፤ እኔን ቢሆን "ነይ" ይሉኝ የለ? ሙሽራ አይደለሁ፣ ለመታዘዝ ቸኩያለሁ። ልጁን ፍለጋ ወጣሁ። ደጅ ላይ ኳስ የሚያንከባልል የጎረቤት ልጅ አገኘሁ፤ "ና፣ ይጠሩሃል" ብዬ እጁን ይዤ ወሰድኩት። አኮህ የቡና ጆንያ ግማሹን አንስተው፣ ግማሹ መሬት ላይ ሆኖ፣ ወገባቸውን ይዘው ቆመዋል። እኔ የስድስት ዓመት ልጅ አምጥቼላቸው ፊታቸው ገተርኩት።

"ና ጋርጋሪ" ማለት "እርጂኝ" ማለት ነው። በኦሮምኛ "ና" እኔን ማለት ነው። "ና ኢላሊ" እዪኝ ነው፤ "ና ኤጊ" ጠብቂኝ ነው። እስክለምደው ድረስ እሳቸው "እኔን" ባሉ ቁጥር እኔ ወንድ ልጅ ስፈልግ ከረምኩ። ሰው እንዲመጣ ሲፈልጉማ የሚሉት "ኮቱ" ነው። አንተ ሁለቱንም ከጡት ጋር ስለጠባህ አልቸገረህም። እኔ ና ስልህ ሮጠህ ትመጣለህ፤ እሳቸው ና ሲሉህ ታቅፋቸዋለህ። ሦስት ዓመት ሳይሞላህ።

አንድ ጊዜ ግን ተሳስተሃል። ቡና አፍልቼ "ሂድ፣ ኑ ቡና ጠጡ በላቸው" ብዬ ላክሁህ። አንተ ማዶ ካሉት ሽማግሌ በር ላይ ቆመህ "ና ቡና ጠጣ!" ብለህ ጮኽክ። ሽማግሌው መጡ። መጥተውም "ልጅሽ ጓደኛው አደረገኝ" ብለው እስኪበቃቸው ሳቁብኝ። አፈርኩ፣ ግን የዚያን ቀን ነው ነገሩን ልብ ያልኩት። "ና" አንቱታ የለውም። ለትልቅ ሰው "ይምጡ" ነው የምትለው፤ ቃሉን ጭራሽ ትተህ "መጣ" ወደሚለው ትመለሳለህ።

ሌላም አለ። "አትና" የሚል ሰው ሰምተህ ታውቃለህ? "አትብላ" አለ፣ "አትሂድ" አለ፤ "አትና" ግን የለም። መከልከል ስትፈልግ "አትምጣ" ትላለህ። "ና" ሲጠራ ብቻ ነው የሚያውቀው። ይህን ሳስብ በራሴ ቋንቋ ላይ እንደ እንግዳ ሆንኩ። ስንት ዓመት ስለው ኖሬ!

አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የቆሎ ተማሪ ነበሩ። ልጅ ሳለን "ንዑ ንትፈሣሕ በእግዚአብሔር" እያሉ ዳዊት ሲደግሙ "ንዑ ምንድን ነው?" ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። "ኑ ማለት ነው። ለአንድ ወንድ ሲሆን ነዓ ነው። እናንተ ከጉሮሮ የሚወጣውን ዋጣችሁትና ና ቀረላችሁ" አሉኝ። ትግርኛ ግን አልዋጠውም፤ እስከ ዛሬ "ንዓ" ነው የሚሉት። በግእዙም ቢሆን መጣ "መጽአ" ነው እንጂ ከነዓ ጋር ዝምድና የለውም። ከጥንትም ሁለቱ አይመሳሰሉም ማለት ነው።

ኦሮምኛውን ተመልከት። መጣ "ዹፌ" ነው፣ ትእዛዙ ግን "ኮቱ"። የሚገርመኝ እሱም ላይ አሉታ ስታመጣ ኮቱ ይጠፋል፤ "ሂን ዹፊን" ነው የሚባለው። የመድረሳው ኡስታዝ ቡና ሊጠጡ ሲመጡ ስለ ዓረብኛው ጠየቅኳቸው። መጣ "ጃአ"፣ ና ግን "ተዓል"። ከመነሻው "ወደ ላይ ውጣ" እንደማለት ነው አሉኝ፣ ከፍ ካለ ቦታ ሆኖ የሚጠራ ሰው ያመጣው ይመስላል። አንተ ደግሞ ባለፈው ስለ ስዋሂሊ ነገርከኝ፤ መምጣት "ኩጃ" ሆኖ ሳለ ሰው ሲጠሩ "ንጆ" ነው የሚሉት አልክ። ይኸው፣ ሁሉም ጋ ለመጥራት የተለየ ቃል ተቀምጧል። አብዛኛው ግስ በሥርዓቱ ሲረባ ይህ አንዱ አሻፈረኝ ይላል። ለምን እንደሆነ የሚያስረዳኝ ሰው አላገኘሁም። እኔ ግን እንደሚመስለኝ በየቀኑ፣ በየደጁ፣ በየእናቱ አፍ ስለሚባል ሕግ የሚያስገባው ሰው ጠፍቶ ነው።

ይኸው ነገር ቡና ቤቴ ውስጥ ጨዋታ ሆኖልኛል። ዩኒቨርሲቲው በር ላይ መሆኔ ጠቀመኝ፣ ከየአገሩ ሰው ይመጣል። "እናንተ ጋ ና ምን ማለት ነው?" እላለሁ። መልሱን የዱቤ ደብተሬ ጀርባ ላይ እጽፋለሁ። አባትህ "የዱቤውን ብትሰበስቢ ይሻል ነበር" ይላል። እውነቱን ነው።

ጅማ ላይ ይህን ማድረግ አዲስ ነገር እንዳይመስልህ። በአባ ጅፋር ጊዜ፣ እሳቸው እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የነገሡት ማለቴ ነው፣ ሂርማታ ገበያ ላይ ነጋዴው ከየአቅጣጫው ይመጣ ነበር። ስንቱ ቋንቋ ተደባልቆ ስንቱ "ና" ሲባል ስንቱ ዞር እንዳለ አስበው።

ከሁሉ ያሳቁኝ በደርግ ጊዜ ኪየቭ የተማሩት ጋሼ ናቸው። የደረሱ ሰሞን ማደሪያው ውስጥ አንድ ልጅ ዳቦ ይዞ ክንዱን ዘርግቶ "ና!" አላቸው። እሳቸው ተነሥተው ሄዱ። ልጁም ዳቦውን እንደዘረጋ "ና! ና!" ይላል። ደረቱ ድረስ ተጠጉት። ልጁ ግራ ገባው። ለካ በሩስኛ "እንካ" ማለቱ ነበር። እንዲያውም "ና" ሌላም ፍቺ አለው፣ "ላይ" ማለት ነው አሉኝ፤ "ና ስቶሌ" ጠረጴዛው ላይ። የዳቦው ግን በለጠብኝ።

አንዲት ኮሪያዊት በጎ ፈቃደኛ ደግሞ "ና" እኔ ማለት ነው አለችኝ። ለአኮህ ስነግራቸው ደስ አላቸው፣ ኮሪያ ድረስ ዘመድ ያገኙ መሰላቸው። ልጅቷ ቀጥላ ለትልቅ ሰው ስትናገሪ ግን "ና" አትዪም፣ "ጆ" ትያለሽ አለች። ማዶ ያሉት ሽማግሌ ትዝ አሉኝ።

እንጀራ የምታመጣልኝ ወላይታዋ፣ ታውቃታለህ፣ ጥያቄዬን ስትሰማ ሳቀች። እነሱ ጋ "ናዓ" ልጅ ማለት ነው። እኔ ደጅ ቆሜ "ና፣ ና" እያልኩ አንተን ስጠራ እሷ "ልጅ፣ ልጅ" እያልኩ ይመስላት ነበር። ያው ነው እኮ አልኳት።

ኡስታዙ ደግሞ ሌላ "ና" ሰጥተውኛል። "ረበና" ስንል ጌታችን ማለታችን ነው፣ መጨረሻ ላይ ያለችው "ና" የእኛ ማለት ናት አሉኝ። ይህንኑ ለደብሩ ቄስ ብነግራቸው "ሆሣዕና"ን አነሡብኝ። ከዕብራይስጥ ነው፤ "አድን፣ እባክህ" ማለት ነው። እባክህ የምትለዋ "ና" ናት። ስንት ዓመት ዘንባባ ይዤ ስዞር፣ በአውቶቡስም በሆሳዕና ከተማ ሳልፍ፣ እባክህ እያልኩ እንደሆነ አላወቅኩም።

አንድ ደንበኛዬ አለ፣ ወሬ የሚወድ። ይህን ሁሉ ሲሰማ "በቃ፣ ሁሉም ከእኛ ወስደውት ነው!" ብሎ ጠረጴዛ መታ። ሲኒ ሰበረብኝ። እዚያው የነበረ አስተማሪ ግን በእርጋታ አስረዳው። በዓለም ላይ ወደ 7,000 የሚጠጋ ቋንቋ አለ። የእኛ ፊደል 33 በ7 ሲባዛ 231 ነው። የሌላውም አጭር ድምፅ ቢቆጠር የተወሰነ ነው። ስለዚህ አጫጭር ቃላት እርስ በርስ መጋጨታቸው አይቀርም፤ በአንድ ሰፈር ስመ ሞክሼ እንደሚበዛው። ነዓና ንዓ ዘመድ ናቸው፣ የእኛና የኮሪያው ግን መንገድ ላይ የተገጣጠሙ ናቸው። ሲያስረዳው ደስ አለኝ፣ ሲኒውን ግን ማንም አልከፈለኝም።

አሁን ወዳንተ ልምጣ። የከተማህ ስም ራሱ "ና" ብሎ እንደሚጀምር አስተውለሃል? ናይሮቢ ከማሳይ ቋንቋ ነው፣ ቀዝቃዛ ውኃ ከሚለው የመጣ። ለእኔ ግን ካርታ ላይ ባየሁት ቁጥር "ና" ብሎ ወስዶ ያስቀረህ ይመስለኛል። እሱ ሲልህ ሰምተህ የለ?

ስዋሂሊውን ያስተማርከኝም አንተ ነህ። "ማማ ና ባባ" እናትና አባት። ይኼ በጣም ነው የገረመኝ፣ የእኛኑ ሥራ ነው የሚሠራው። የእኛው ከፊተኛው ቃል ጋር ይጣበቃል፣ የእነሱ ብቻውን ይቆማል፤ ሌላው አንድ ነው። ይህም መገጣጠም ነው አለ አስተማሪው፤ ስዋሂሊ የባንቱ ቋንቋ ነው፣ "ና"ውም ከዘመዶቹ ጋር የሚጋራው ነው። ይሁን። ሱቅ ገብተህ "ቻይ ና ምካቴ" ስትል፣ ሻይና ዳቦ መሆኑ ነው፣ ከእኔ ጋር የምታወራ ይመስለኛል።

ባለፈው እሁድ እንዳልከኝ ላደርግ ሞክሬያለሁ። ልብ ብለህ ከሆነ "በል ደህና ዋል" ብዬ ብቻ ዘጋሁ። ቀኑን ሙሉ እሳት ላይ የረሳሁት ነገር ያለ እየመሰለኝ ወጥ ቤት ስመላለስ ዋልኩ። ስለዚህ ልተወው አልችልም። አንተ በፈለግከው ቋንቋ ስማው። የቸኮልክ ቀን በስዋሂሊ ስማው፤ "እና" ነው፣ ወሬዬን አልጨረስኩም ማለቴ ነው። የከፋህ ቀን በወላይትኛ ስማው። ምን እንደሚል ነግሬሃለሁ።

አኮህ አሁን አጠገቤ መጥተው "ምን እየጻፍሽ ነው?" አሉኝ። "ስለ ና" አልኳቸው። "ስለ እኔ ምን ብለሽ?" አሉ። የጆንያውን ታሪክ እንደጻፍኩ ስነግራቸው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ሰላም ብለውሃል።

ከዚህ ወረቀት ጋር ሁለት ኪሎ ቡና ልኬልሃለሁ። አንዱ የተቆላ ነው፣ አንዱ ጥሬ። የተቆላውን ቶሎ ጠጣው፣ ሽታው ይሄዳል። ቅቤውን ግን አልላክሁም። ቅቤው ለገና ነው። አጥብቀህ አንብበው።

እናትህ