ከኪ ቴጼ ምን ይዘሽ ማዕድ ትቀርቢያለሽ?

ውድ ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ባለቤትሽና ልጆቹስ ደህና ናቸው?

በሰንበት ማዕድ ከሳምንቱ ፓራሻ፣ ማለትም በየሳምንቱ በምኩራብ ከሚነበበው የኦሪት ክፍል፣ ለልጆቹ ምን እንደምትነግሪያቸው ጠይቀሽኛል። የዚህ ሳምንቱ ኪ ቴጼ ነው፤ ኦሪት ዘዳግም ከ21፥10 እስከ 25፥19። ሊቃውንት 74 ትእዛዛት ቆጥረውበታል። ሁሉንም ልንካ ያለ ሰው መጨረሻው «ጥሩ ሰዎች ሁኑ» ማለት ይሆናል፤ ይህን ደግሞ ልጆቹ ከዚህ በፊትም ሰምተውታል። አንድ የኦሪት ቁጥር ብቻ ያዢ፤ ከእሱም በሳምንቱ ውስጥ በእጅ የሚሠራ አንድ ነገር አውጪ።

ንባቡ ሰባት ክፍል ስላለው ከእሁድ ጀምረሽ በቀን አንድ አንድ አንብቢ። የቆየው ሥርዓት የዕብራይስጡን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ፣ የአራማይኩን ትርጉም አንድ ጊዜ ማንበብ ነው፤ አራማይኩ ከከበደሽ የታወቀውን የኦሪት ተርጓሚ የራሺን ማብራሪያ በቦታው ማንበብ ይቻላል። ማብራሪያውን ግን አታስቀድሚ። የእኛ የቤተ እስራኤል ቄሶችም ኦሪቱን በግዕዝ አንብበው ሲጨርሱ ነው ለሕዝቡ በቋንቋው የሚያስረዱት።

እኔ ብሆን 24፥14-15ን እመርጣለሁ፤ የቀን ሠራተኛ ደመወዝ። ወገንሽም ይሁን በአገርሽ የሚኖር መጻተኛ፣ ደመወዙን ፀሐይ ሳትጠልቅ በዕለቱ ስጪው ይላል፤ ምክንያቱንም አብሮ ይናገራል፦ ድኻ ነው፣ ነፍሱም እሱን ተስፋ ታደርጋለች። ይህን ምክንያት ለልጆቹ ቀስ ብለሽ አንብቢላቸው። ለከፋዩ ትንሽ የሚመስለው ገንዘብ ለተቀባዩ የማታ እራት ነው። የሊቃውንቱ የሕግ መጽሐፍ ሚሽና ግን ይህን፣ የሠራተኛ ዋጋ እስከ ጠዋት አይደር ከሚለው ከዘሌዋውያን 19፥13 ጋር አዛምዶ ጊዜውን ለይቶ አስቀምጦታል፤ ቀን የሠራ ሌሊቱን ሙሉ፣ ሌሊት የሠራ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሊከፈለው ይችላል። አሠሪው ጥፋተኛ የሚሆነው ገንዘብ እያለው፣ ሠራተኛውም ጠይቆት ሲያዘገይ ነው። ነገር ግን ስንቱ አፍሮ ዝም ይላል! እስኪጠይቅሽ አትጠብቂ።

ቤት ከምታጸዳልሽ፣ ልጅ ከምትጠብቅልሽ፣ ቧንቧ ከሚጠግንልሽ ጋር ሥራው ሳይጀመር ሂሳቡንና የሚከፈልበትን ቀን ተነጋገሩ። በወር ከሆነ የተባለው ቀን አይለፍ። ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው በክፋት ሳይሆን «ዝርዝር አጣሁ፣ ነገ ልስጥሽ» በሚባል ቃል ነው፤ ስለዚህ ገንዘቡን ከዋዜማው አዘርዝረሽ በፖስታ አስቀምጪ። ዓርብ የሚጨርስ ሠራተኛ ካለሽ የሰንበት ሻማ ሳይበራ ክፈይው፤ በሰንበት ገንዘብ አይነካምና እስከ ቅዳሜ ማታ ባዶ እጁን ይቀራል። ፖስታውን ትልቁ ልጅሽ በሁለት እጁ ያቅርብ፣ አመሰግናለሁም ይበል። ትምህርቱ ያኔ ይገባዋል።

ትንንሾቹ ከሰለቻቸው 22፥8 አለልሽ፤ ሰው እንዳይወድቅ በጣሪያ ዙሪያ መከታ መሥራት። ቁመቱ አሥር ጋት ነው፣ ወደ 80 ሳንቲ ሜትር። ሚሽናን የሚያብራራው ታልሙድ ክፉ ውሻንና የሚነቃነቅ መሰላልንም በቤትሽ አታኑሪ ብሎ ከዚሁ ቁጥር ያወጣል። ቤቱን አብራችሁ ዙሩ፤ መስኮቱን፣ የደረጃውን መደገፊያ፣ ለሰንበት ሙቅ ሆኖ የሚቆየውን የፈላ ውሃ እዩ።

ፓራሻውን የቁጣ ዱላ አታድርጊው። አንዱን ልጅ ዓይን ዓይኑን እያየሽ ቁጥር ከጠቀስሽ በሚቀጥለው ሳምንት ጆሮውን ይዘጋብሻል። በድንጋይ ይወገር ስለተባለው ዓመፀኛ ልጅ፣ 21፥18-21፣ መጠየቃቸው አይቀርም። አትዝለይው። ሊቃውንቱ በቅድመ ሁኔታ ላይ ቅድመ ሁኔታ ጨምረውበት፣ አንዳንዶቹ «እንዲህ ያለ ልጅ ኖሮም አያውቅም፣ ወደፊትም አይኖርም» እስከማለት ደርሰዋል፤ ይህንኑ ንገሪያቸው።

የሚቀጥለው ሳምንት ፓራሻ ኪ ታቮ ነው፣ 26፥1 ላይ ይጀምራል። የበኩራቱን ፍሬ ቅርጫት ያዢ፤ ለልጆች ይቀላል።

ሰንበት ሰላም፣
እናትሽ