የእህቴን ወረቀት ላነበቡልን ጋሼ፣ ከልብ የመነጨ ምስጋና

ወገኖቼ፣ እንዴት አድርጌ እንደምጀምረው አላውቅም። እህቴ መጥታለች። አብዛኞቻችሁ ሰምታችኋል፣ ፎቶውንም አይታችኋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልካችን አላረፈም። ስለዚህ ታሪኩን ከሀ እስከ ፐ አልተርክም። በ2002 ዓ.ም. በጉዲፈቻ ወደ አሜሪካ የሄደችው የቤታችን ትንሿ ልጅ አድጋ፣ በራሷ ፈቃድ ተመልሳ እማዬን አቅፋለች። ዛሬ የምጽፈው ለማመስገን ነው።

ከሁሉም በፊት ጋሼን። ስሜን እንዳታወጪ ብለው አጥብቀው ስለለመኑኝ ጋሼ ብቻ እላቸዋለሁ። ልደታ ፍርድ ቤት ጉዳይ ኖሮት የተመላለሰ ሰው ሳያውቃቸው አይቀርም። ራፖር ጸሐፊ ናቸው። ጃንጥላ ሥር ተቀምጠው የሰውን ብሶት ሲሰሙና አቤቱታ ሲጽፉ ነው ዘመናቸውን ያሳለፉት።

እህቴ እዚያ የደረሰችው የጉዲፈቻዋን ውሳኔ ይዛ ነው። አማርኛ አታነብም። እንግሊዝኛው ላይ ከእማዬ ስም ሌላ የሚያገለግላት ነገር አልነበረም። ያስቆመችው ሁሉ ቸኩሎ ያልፋታል። ጋሼ ግን ከርቀት አይተዋት "ነይ የኔ ልጅ፣ ምን ጠፋብሽ?" ብለው ጠሯት። ወንበራቸውን ለቀቁላት። መነጽራቸውን አደረጉና ከመጀመሪያው መስመር እስከ ማኅተሙ ድረስ አነበቡት። አማርኛው ገጽ ላይ የእማዬ ስም እስከ አያቷ ተጽፏል። ቀበሌው አለ፣ የቤት ቁጥሩም አለ። ከሥር ደግሞ የእማዬ የአውራ ጣት አሻራ አለ፤ ሰማያዊው ቀለም በአንድ በኩል ፈሰስ ብሏል። ጋሼ ጣታቸውን አሻራው ላይ አሳርፈው "እናትሽ ይቺ ናት። ችሎት ቀርባ ቃሏን ሰጥታለች። እንፈልጋታለን" አሏት።

ይህን ስጽፍ እንባዬ እየቀደመኝ ነው። ያ ወረቀት ስንት ዓመት ሙሉ ሰው አገር መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። የሚያነበው አጥቶ ነው እንጂ እኛ እዚያው ላይ ነበርን።

ያን ዕለት ጋሼ ሥራቸውን ዘግተው አብረዋት ወጡ። አድራሻው ዶሮ ማነቂያ ነው የሚለው። ዶሮ ማነቂያ ደግሞ በ2016 ፈርሷል፤ የፒያሳ ልጅ ይህን አይረሳውም። እኛም ጎረቤቶቻችንም በየኮንዶሚኒየሙ ተበትነናል። ሌላ ሰው ቢሆን "ሰፈሩ የለም፣ አዝናለሁ" ብሎ ይሸኛት ነበር። ጋሼ "ሰፈር ቢፈርስ እድር አይፈርስም" አሉና ጊዮርጊስ ይዘዋት ሄዱ። ጧፍ ሻጮቹን ጠየቁ፣ ደጀ ሰላሙ ላይ ያገኙትን ሁሉ ጠየቁ። በመጨረሻ አንዲት የድሮ ጎረቤታችን ስሙን ለየችውና የእድሩን ጸሐፊ ስልክ ሰጠቻቸው። እማዬ ከሰፈር ከወጣችም በኋላ መዋጮዋን አቋርጣ አታውቅም። አዲሱ ስልኳ መዝገቡ ላይ ነበር።

ጋሼ፣ ውለታዎ እዚህ ላይ ቢያበቃ እንኳ ከፍለን አንጨርሰውም ነበር። ግን አላበቃም።

እማዬን የምታውቋት ታውቃላችሁ፣ ደስታዋን ፍርሃት ነጥቋት ነበር። "ፈቅጄ ሰጥቻታለሁ። አሁን ልጄ ብል ይከሱኝ ይሆን?" እያለች ሌሊቱን ሙሉ ስትገላበጥ አደረች። ያኔ አባታችን ሞቶ፣ እሷ ታማ፣ መላው ሲጠፋት ነው ያደረገችው። "ልጇን ሸጠች" ብሎ ያማት ሰው ነበር። ያ ሐሜት ከውስጧ ወጥቶ አያውቅም።

ጋሼ ይህን ሲሰሙ ጠርዙ የተበላ ነጋሪት ጋዜጣ በብብታቸው ይዘው ቤታችን ድረስ መጡ። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992። አንቀጽ 183ን ገለጡና ለእማዬ ቀስ ብለው አነበቡላት። በጉዲፈቻ የተሰጠ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና አይቋረጥም። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ሲሆን የጉዲፈቻ ቤተሰቡ ይቀድማል። ይህችን ሁለተኛዋንም አልሸሸጓትም። እማዬ "ይቅደሙ! ያሳደጓት እነሱ ናቸው። ለእኔ ዝምድናው ይበቃኛል" አለች። ከዚያች ቀን ወዲህ እማዬ ሌላ ሰው ሆናለች።

እሳቸው ባይኖሩ ኖሮ እኔ ራሴ ይህን ሁሉ ከየት አውቀው ነበር? የውጭ ዜጋ መጥቶ ልጅ መርጦ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር። መዝገቡን ገጽ በገጽ አስረዱኝ። ጉዲፈቻ አድራጊው ቢያንስ 25 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። ባልና ሚስት ከሆኑ አንዱ ዕድሜው ከሞላ ይበቃል፣ ግን ውሉን የሚገቡት አብረው ነው። የውጭ ዜጋ ሲሆን ደግሞ የሕፃናትን ደኅንነት የሚከታተለው የመንግሥት አካል ማንነቱን፣ ኑሮውንና ገቢውን መርምሮ "ለልጁ ይጠቅማል" የሚል አስተያየት መስጠት ነበረበት። ይህ ሁሉ ተሟልቶም ውሉ የሚጸናው ፍርድ ቤት ሲያጸድቀው ነው። ዳኛው የልጁን አስተያየት ይመለከታል፣ ለውጭ ዜጋ ሲሆን ደግሞ እዚሁ አገር የሚያድግበት መንገድ አለመኖሩንም ይመረምር ነበር።

ሕጉ ወረቀት ላይ እንዲህ ይላል። ሁሉም ልጅ ላይ እንዲህ ተደርጎ ቢሆን ኖሮ ስንት እናት ባላለቀሰች። በ2010 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1070 ወጥቶ ለውጭ ዜጎች የሚሰጥ ጉዲፈቻ ቀርቷል። እማዬ ይህን ስትሰማ ደንግጣ "ታዲያ የእሷም ፈረሰ ማለት ነው?" አለች። ጋሼ አረጋጓት። ቀድሞ የጸደቀው እንደጸና ነው። ጉዲፈቻ የሚፈርሰው አሳዳጊው ልጁን እንደ ልጅ ማየት ትቶ እንደ ባሪያ ካሠራው ወይም የወደፊት ሕይወቱን በሚጎዳ አኳኋን ከያዘው ነው፣ ያውም በፍርድ ቤት። የእኛዋን ልጅ ደግሞ ያዩ ዓይኖች ይመስክሩ፣ በፍቅር ነው ያደገችው።

ስለዚህ ቀጥሎ ምስጋናዬ ለእህቴ አሳዳጊ እናት ነው። እትዬ፣ ይህን የሚያነብልዎት ሰው አያጡም። በየጊዜው የክትትል ሪፖርት መላክ ነበረብዎት፤ መጀመሪያ በሦስተኛው ወር፣ በስድስተኛው ወር፣ በዓመቱ፣ ከዚያ 18 ዓመት እስኪሞላት በየዓመቱ። ልከዋል። እኛ ዘንድ ግን አንዱም አልደረሰም። እርስዎ የሁሉንም ቅጂ አስቀምጠው፣ በሻንጣዎ ተሸክመው አመጡልን። እማዬ ፎቶዎቹን አልጋዋ ላይ በተራ ደረደረቻቸው። የፊት ጥርሶቿ የወለቁባትን ፎቶ አንስታ "እኔም በእሷ ዕድሜ እንዲሁ ነበርኩ" እያለች ስንቴ ሳመችው። ያላየነውን ልጅነቷን መልሰው ሰጥተውናል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

የእድራችን አባላት፣ ድንኳኑን፣ ወንበሩንና ድስቱን ይዛችሁ የመጣችሁ፣ ክበሩልኝ። ከአራት ኪሎ እየተመላለሰ ያስተረጎመልን ተማሪ፣ ወንድሜ፣ ተባረክ። የድሮ ጎረቤቶቼ፣ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ፣ የጊዮርጊስ አገልጋዮች፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።

ስማችሁን ወይም ሥራችሁን ያልጠቀስኩ በጣም ብዙ ናችሁ። ደስታው ራሴን አስቶኝ ነው፣ ይቅር በሉኝ። እንጀራ ያመጣችልኝን ሴት ፊቷን እንጂ ስሟን አላውቀውም። ካነበብሽው ደውዪልኝ።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ወደ አሜሪካ ብቻ ከ15 ሺህ በላይ ልጆች ሄደዋል። እንደ እማዬ የሚጠብቁ ቤተሰቦች ከመካከላችሁ እንዳሉ አውቃለሁ። የውሉን ወይም የውሳኔውን ግልባጭ በቤት ለውጥ ጊዜ አትጣሉት። ሰፈር ከለቀቃችሁም አዲሱን ስልካችሁን ለእድራችሁ ጸሐፊ አስመዝግቡ። ልጁ አድጎ ሲመጣ በእጁ የሚኖረው የድሮ አድራሻችሁ ነው።

ጋሼ፣ እህቴ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ልታወጣ ነው፣ ቢጫ ካርዱን። ኢትዮጵያዊት ሆና መወለዷን የምታስረዳው እርስዎ ባነበቡት በዚያው ወረቀት ነው። ማመልከቻውን ከእርስዎ በቀር ማንም አይጽፈውም ብላለች። ሰኞ ጠዋት ሦስታችንም እንመጣለን። እስካሁን አንድ ብር አልቀበልም ብለውናል፣ የዚህን ግን እባክዎ ይቀበሉን።