ሐረጎን እንዳትወርዳት

ልጄ፣ እንዴት ሰነበትክ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናትህን ያው ጉልበቷን ያማታል።

ትናንት እህትህ ከደሴ ደውላ የፒክአፑ ፍሬን ወርዷል፣ ሁለት ሦስቴ ካልረገጠው አይይዝም አለችኝ። አንተ ደግሞ «አብሽሪ፣ ይይዛል» አልካት አሉ። ምኑን ነው አብሽሪ የምትላት? እስኪታይ ድረስ የኮምቦልቻ ጭነት እንዳትቀበል። ያቺን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የምታወርደውን ቁልቁለት፣ ሐረጎን እንዳትወርዳት።

መጀመሪያ የፍሬን ዘይቱን እይ። ከጎደለ ዝም ብለህ አትሙላ፣ የት እንደሄደ ፈልግ። የኋላ ጎማዎቹን ከውስጥ በኩል ዳስሳቸው፣ እርጥበት ካለ እዚያ ነው የሚያፈሰው። ከዚያ ሞተሩን አስነስተህ፣ መኪናዋ እንደቆመች፣ ፔዳሉን ረግጠህ ያዝ። ዘይት ሳይፈስ ቀስ እያለ ከሰመጠ የማስተሩ፣ ማለት ፔዳሉ ስትረግጠው ዘይቱን የሚገፋው ዕቃ፣ ጎሚኒው አልቋል። እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ አየር ገብቶበታል። የእጅ ፍሬኑን ስበህ ስትረግጠው በአንዴ ከፍ ካለ ደግሞ የኋላው ሸራ ከሚይዘው ብረት፣ ከታምቡሩ ርቋል፣ ማስተካከል ነው። ሸራ ከቀየርክ የግራና የቀኙን አንድ ላይ ቀይር። የፍሬን ዘይቱ ውስጥ የሞተር ዘይት ጠብ እንዳይልበት፣ ጎሚኒውን ያሳብጠዋል።

አጎትህ ለምን እንደሚያነክስ ታውቃለህ? በሬ ረገጠው ብለን ነው ያሳደግናችሁ። በሬ አልረገጠውም። አንተ ሳትወለድ ረዳቴ ነበር። እሁድ ከሰዓት ለባቲ የሰኞ ገበያ ባቄላ ጭነን ከደሴ ስንነሳ «ፔዳሉ ወርዷል፣ እናሳየው» አለኝ። ገበያው ያመልጠኛል ብዬ «ይይዛል» አልኩት። ልክ አንተ እንዳልከው። ሐረጎ አጋማሽ ላይ ብደጋግም ብደጋግም እግሬ ወለሉን ነካ። ማርሽ ቀንሼ ወደ ተራራው ጥግ ሳስጠጋት እሱ ታኮውን ይዞ ዘለለ። ታኮውን ጎማው ስር አደረገው። ጎማው ታኮውን ዘሎ እግሩን አገኘው። አንድም ቀን ወቅሶኝ አያውቅም፤ እሱ ነው የሚቆጠቁጠኝ። በየአረፋው ፊት ለፊቴ ቁጭ ብሎ ያንን እግሩን ሲዘረጋ የማየው እኔ ነኝ።

ጋራዤ ኮምቦልቻ ነው እንዳትለኝ። መካኒኩን መኪናዋ ወዳለችበት አምጣው። ባዶዋንም ቢሆን ሐረጎን እንዳትወርዳት፣ ሰማኸኝ?

ብር ካነሰህ ደውል፣ የበጉ ሽያጭ አልተነካም። አጎትህ ጋ ስትደውል ግን ይህን እንደነገርኩህ አታንሳበት።

አባትህ