መርከቡ ራሱን ቢመራም ተረኛ መኮንን ያስፈልገዋል

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ያለ ሰው ስለሚጓዙ መርከቦች በቅርቡ ያወጣችሁት ጽሑፍ ቴክኖሎጂውን በሚገባ አብራርቷል። የመርከበኝነት ሙያ ሊያከትም ነው የሚለው መደምደሚያው ግን እንደ እኔ ልጁን ለባሕር ላስተማረ የአዳማ ነዋሪ በዝምታ የሚታለፍ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1995 ሮያል ማጀስቲ የተባለው የመንገደኞች መርከብ ከቤርሙዳ ወደ ቦስተን ሲጓዝ የጂፒኤስ አንቴናው ገመድ ተላቀቀ። መሣሪያው ከሳተላይት መረጃ መቀበሉ ስለተቋረጠ የመርከቡን ቦታ ከፍጥነቱና ከአቅጣጫው በግምት ማስላት ጀመረ፤ አውቶፓይለቱም ይህንኑ አምኖ መርከቡን ከ30 ሰዓት በላይ ሲመራ ቆይቶ፣ ከትክክለኛው መስመር 17 ማይል ያህል ርቆ ናንተኬት ደሴት አጠገብ አሸዋ ላይ አስቀመጠው። እጅግ የሚያሳዝነው ግን ትክክለኛውን ቦታ የሚያሳይ ሎራን የተባለ ሌላ መሣሪያ እዚያው እየሠራ ሳለ ሁለቱን ያስተያየ ሰው አለመኖሩ ነው። አንድ ተረኛ መኮንን እንዲያውም መንገዱን የሚያመለክተውን ተንሳፋፊ ምልክት ሳያየው እንዳየ አድርጎ ለካፒቴኑ ነግሮታል።

ታዲያ ጥፋቱ የሰው አይደለምን የሚል አንባቢ ይኖራል። አዎን፣ የሰውም ነው። ነገር ግን መሣሪያው የተሳሳተውን ቦታ የሚጠራጠርበት መንገድ አልነበረውም፤ መጠራጠር የሚችሉት እነዚያ መኮንኖች ብቻ ነበሩ። የ1972ቱ ዓለም አቀፍ የመርከብ ግጭት መከላከያ ደንብም ማንኛውም መርከብ በዓይንና በጆሮ ጭምር ዘወትር ዙሪያውን እንዲጠብቅ ያዛል።

ጉዳዩ ከእኛም የራቀ አይደለም። ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ ከሚገባው ጭነት በስዊዝ ቦይ በኩል የሚመጣው በቀይ ባሕር ያልፋል፤ በዚሁ ባሕር ላይ የጂፒኤስ ምልክት እየታወከ መርከቦች መቸገራቸው በተደጋጋሚ ተዘግቧል። ልጄ ተረኛ በሆነ ቁጥር ጂፒኤሱ የሚሰጠውን ቦታ በራዳር ከሚታየው የባሕር ዳርቻ ጋር እንደሚያመሳክር አጫውቶኛል።

ዓለም አቀፉ የባሕር ጉዳይ ድርጅት የመርከቦችን ራስ ገዝነት በአራት ደረጃ ሲከፍል በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደረጃዎች መርከበኞች በመርከቡ ላይ ይቆያሉ፤ በሦስተኛው ደግሞ መርከቡን ከሩቅ ሆኖ የሚቆጣጠር ሰው አለ። ስለዚህ የማሠልጠኛ ተቋሞቻችን ተማሪውን ለዚህ ሥራ ጭምር እንዲያዘጋጁት፣ በሲሙሌተር ላይም ጂፒኤሱን ሆን ብለው አሳስተው ስህተቱን ራሱ እስኪደርስበት እንዲፈትኑት እጠይቃለሁ። ጋዜጣችሁም በሚቀጥለው ጽሑፉ በባሕር ላይ ያገለገሉ ኢትዮጵያውያን ካፒቴኖችን ቢያነጋግር መልካም ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የመርከበኛ አባት፣ ከአዳማ